ልዋጩን አንተው ምረጥ

ትርሲት ስትሠራ የምትውለው የሰው ኮተት የሌለባቸውን ክፍሎች በመክፈት ነው። በአንድ ሆቴል የክፍል ጽዳት ኃላፊ ናት። ሠራተኞቹ ጠርገው፣ ወልውለው፣ አንጥፈው ከወጡ በኋላ በሩን ከፈት ታደርግና አንድ እግሯን ብቻ ወደ ውስጥ አስገብታ ትቆማለች። የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ ምንም ያልተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባዶአቸውን የተሰለፉ መስቀያዎች፣ ማንም ያልተነፈሰው የሚመስል አየር። ሌላ ሰው እዚያ ቢቆም ምን እንደሚሰማው እንጃ፤ የእሷን ደረት ግን ይከፍትላት ነበር። ሥራ ጨርሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ቁልፉን አዙራ ብትገፋም በሩ እስከ መጨረሻው አይከፈትላትም። ከኋላው የእናቷ ጆንያ አለ።

እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ተድረው የገቡበትና ልጃቸውን የወለዱበት የጭቃ ቤት ሲፈርስ ወደ አንድ ልጃቸው መጡ። መጡ ከተባለ እንግዲህ፣ ትተው የመጡት ግድግዳውን ብቻ ነው። ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ድምፁ ከተዘጋ ዘመን ያለፈው ሬዲዮ፣ የሟች ባላቸው ካፖርት፣ አንድ እግሩ የወለቀ በርጩማ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ በጣሳ ላይ፣ ገመድ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ለምንም የማይበጅ ጠርሙስ፤ ሁሉም ተጭኖ መጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ትልቅ የእንጨት ሳጥን። እሱ ውስጥ ያለው የትርሲት ነው፤ ደብሪቱ በእጃቸው የሠሩላት የሕፃንነት ሹራብ፣ የመጀመሪያ ጫማዋ፣ ሪባኖቿ፣ ትምህርት ቤት የጀመረች ዕለት የለበሰችው ቀሚስ። ቤቱ የናፍታሊን፣ የጭስ፣ የአሮጌ ቆዳና የቆየ ጨርቅ ሽታ ሆኖ ቀረ፤ ትርሲት ሥራ ቦታ ሻርፗን ስትፈታ እንኳ ሽታው ቀድሟት ይገባል።

ስትለምን ኖራለች፣ ሐሰት አይወራም። እባክሽ እማዬ ይሄን እንኳ እንጣለው፣ ይሄ ምን ያደርግልሻል፣ መራመጃ አጣን እኮ ትላለች። እሳቸው ጣሳውን ከእጇ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉትና ወደ ቦታው ይመልሱታል። «ዕቃ ቀን አለው፤ ቀኑን አታውቂለትም» ነው መልሳቸው። የተሰነጠቀ ጣሳ ምን ቀን ይጠብቃል? እሱን አይነግሯትም። ልዋጭ በሰፈር ባለፈ ቁጥርም መስኮቱን ይዘጋሉ።

ልዋጭ ሲባል ያው የምናውቀው ነው፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ሰብስቦ በምትኩ ባልዲና ሳፋ የሚሰጥ፣ ፕላስቲኩን እንደ ተራራ በራሱ ላይ ቆልሎ የሚዞር ሰው። ያ ሰውዬ ግን የተሸከመው ነገር አልነበረም። ትርሲት መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንን ነው። አንድ እሑድ ጠዋት እናቷ ለወርኃዊው በዓል ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ እሷ የራሷን ሬዲዮ ከፍታ ያቺን ድምፀ ለስላሳ ሴትዮ ታዳምጣለች። ሴትዮዋ እሑድ እሑድ ስለ ቀላል ኑሮ ትሰብካለች፤ ዓመት ሙሉ ያልነካችሁት ዕቃ የእናንተ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ የእሱ ትላለች። የሷን ቤት ያየ የለም መቼስ። ከታች «ልዋጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አልጮኸም፤ በቅርብ ላለ ሰው እንደሚናገር ዝግ ብሎ ነው ያለው፣ ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ በተዘጋ መስኮት፣ ከሬዲዮው በላይ ጥርት ብሎ ገባ።

ጠርታ አስወጣችው። ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ እጁ ላይ አንድ የታጠፈ ጆንያ ብቻ የያዘ ሰው ነው። በአባቷ ዕድሜ ሳይሆን አይቀርም፤ እሷ ግን ከተሜ በር ላይ የመጣን ነጋዴ እንደምታደርገው አንተ አለችው፣ እሱም ቅር አላለውም። እናቷ ሳይመለሱ መጨረስ አለባት፤ እጇ ፈጠነ። ድስቱ፣ ጣሳው፣ በርጩማው፣ ካፖርቱ። ያ ትንሽ ጆንያ ሁሉንም ዋጠ፤ እንዴት እንደዋጠ ልብ አላለችም፣ ወይ ልብ ልትል አልፈለገችም። ሳጥኑ ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ከፍቶ ሹራቡን በሁለት እጁ አነሳው። የማን እንደሆነ ጠየቃት። የኔ ነበር አለችው። ነበር? አላት። አሁን አልፈልገውም፣ ውሰደው አለችው።

«በምን ልለውጥልዎት?»

«ምንም አልፈልግም። ዝም ብለህ ውሰድ።»

«በነጻማ አልወስድም» አለ ሹራቡን እያጣጠፈ። «ሥራችን መለወጥ ነው። የወጣው ያህል ካልገባ ለኔም ለቤቱም ደግ አይሆንም።»

ትርሲት ሰዓቷን አየች። ቅዳሴው ሊወጣ ነው። ከዚህ ሁሉ ኮተት ተገላግላ ባልዲና ሳፋ ልትከምር ነው እንዴ? የነገሩ ክፋት እዚህ ጋ ነው፤ እናቷ ቢኖሩ ልዋጭ ቆመው፣ ዓይተው፣ አገላብጠው፣ ተከራክረው የሚመርጡት እንጂ ለነጋዴው የሚተዉት እንዳልሆነ ይነግሯት ነበር። ማንም የሰፈር ሴት ይህን ያውቃል።

«እንግዲያ ልዋጩን አንተው ምረጥ» አለችው። «ብቻ ቦታ የማይዝ ይሁን።»

ሰውዬው ከፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ፣ ልብስ ሰፊ እንደሚለካ ቀስ ብሎ አያት። «ቦታ አይዝም» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አታስታውስም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ትንሽ አረፍ ያለች ይመስላታል፤ ከሳሎን ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት፣ ከዚያ ደረጃውን በቀስታ ሲወርድ ሰምታለች፤ አንዴ ደግሞ የሚያለቅስ ሕፃን ድምፅ፣ ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ እንጃ፣ እየራቀ ሄደ። ስትነሳ በሩ ተዘግቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ባልዲ የለ፣ ሳፋ የለ። ሰውዬው ምንም ሳይሰጣት በመሄዱ ደስ አላት። ሰውነቷ ቅልል ብሏል፤ የዓመታት የወገብ ሕመሟ እንኳ ጠፍቷል። ሳሎኑ መሐል ቆማ አጨበጨበች፤ ግድግዳው መልሶ አጨበጨበላት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሲመለሱ ለጩኸቱም ለእርግማኑም ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን አልጮኹም። በሩ ላይ ቆመው ባዶውን ወለል፣ ሳጥኑ የነበረበትን ማዕዘን፣ ከዚያ እሷን አዩ። ከዕቃው ይልቅ እሷን ረዥም ጊዜ አዩ። ምሳ ላቅርብልሽ ብትላቸው አልራበኝም ብለው ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ተናደውብኝ ነው፣ ያልፋል ብላ አለፈችው።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ሰላም የሰፈነባቸው ነበሩ፤ ትርሲት የተመኘችው ሰላም። ሽታው ጠፋ። የናፍታሊኑ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ሽንኩርት፣ የደረጃው እርጥበት፣ የራሷ ሳሙና፤ አፍንጫዋን ቀሚሷ ላይ ብትደፋም የሚሸት ነገር የለም፣ ንጹሕ። መብራት በጠፋ ቀን እንኳ ያን ጨለማ ደረጃ አራት ፎቅ ስትወጣ ትንፋሿ አይሰማም፤ ድሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ታለከልክ ነበር። እንጀራው አይጣፍጣትም፣ ግን አይርባትምም። ግቢ ውስጥ የምትኖረው ውሻ፣ አጥንት የምትጥልላት፣ ከሩቅ አይታ ትሮጥላት የነበረችው፣ አንድ ቀን ምሰሶ አጠገብ እንደምታልፍ ጀርባዋን በእግሯ ላይ አክካ ሳታያት ሄደች። ሥራ ቦታም እንደልማዷ አንድ የተጸዳ ክፍል ደጃፍ ላይ እንደቆመች እንግዳ ሻንጣውን እየጎተተ ገባ፤ ኮቱን አውልቆ ክንዷ ላይ ሰቀለው፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ስልክ ደውሎ፣ ሲጨርስ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ትርሲት እስከዚያ ድረስ ክንዷን ዘርግታ መቆሟን ያወቀችው ከወጣ በኋላ ነው። አልተቆጣችም። ያልገባት አለመቆጣቷ ነው።

ቲማቲም ስትቆርጥ ቢላው ጣቷ ውስጥ ገባ። እያየች ጠበቀች፣ ደም አልወጣም። የተቆረጠው ጠርዝ ጄሪካን በቢላ ሲሰነጠቅ እንደሚሆነው ነጣ ብሎ፣ ጥቅልል ብሎ ቀረ። ጥሩ፣ ፋሻ መፈለግ አይኖርብኝም አለች፤ አንሶላ ላይ ደም የሚያፈስ ሠራተኛ ስትቆጣጠር ለኖረች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የሀገሬ ሰው።

እናቷ ግን እየራቋት ሄዱ። መጀመሪያ ስሟን መጥራት ተዉ። ቀጥሎ እሷ ስትገባ ከወንበራቸው መነሳት ጀመሩ፣ ለእንግዳ እንደሚነሳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ በብርጭቆ ስታቀርብላቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አሏት። «ልጄ መቼ እንደምትመጣ ነግራዎታለች?»

ትርሲት ብርጭቆው ላይ ዓይኗን ተክላ ቆመች። ወልዳ ያጠባቻት እናት እርስዎ አለቻት። እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ ትርሲት፣ ብትላቸው በትሕትና ፈገግ አሉ፤ ሰው ሲዋሽ የሚያዩ ግን ማሳፈር የማይፈልጉ ሰዎች ፈገግታ። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የእርጅና መርሳት ነው፣ ያደጉበትን ነገር ዓይናቸው ሲያጣ ይባባሳል አላት። ስለዚህ ዕቃውን በማውጣቷ ነው። ሊያማት ይገባ ነበር፣ ያውም ክፉኛ። የሚያመውን ቦታ ደረቷ ላይ በእጇ ፈለገችው፣ አጣችው።

ከክፍላቸው ጸሎታቸው ይሰማታል። ልጄን ከሄደችበት መልስልኝ ይላሉ፤ ሲያለቅሱ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሲጠርጉ ይሰማል። ያ እርጥብ፣ የተጨማለቀ ድምፅ ባዶው ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመታ ይዞራል። ይህን ድምፅ እየሰማች ሳለ ነው ያ ሐሳብ የመጣባት። አልጋቸው ማዕዘኑን ይዞታል። በሩ አጠገብ ጫማቸው አለ። ቤቱ ውስጥ የቀረው አንድ ትርፍ ነገር እሳቸው ናቸው። ሐሳቡ መጣ፣ ተቀመጠ፣ አላባረረችውም። በማግሥቱ መስኮቱን ከፍታ የልዋጩን ሰውዬ ድምፅ ስታዳምጥ ራሷን አገኘችው። እግዚኦ በሉ እንጂ፣ ለእናት!

አልጠራችውም፤ ይህን ያህል ይያዝላት። ግን ከሥራ ስትመለስ በሩ እስከ መጨረሻው ተከፈተላት። ጫማው የለም፣ ነጠላው የለም፣ አልጋው በሥርዓት ተነጥፏል። አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገብታ ቆመች፣ እንደ ሆቴሉ። ጸጥታ። ይኸው፣ ይህን ነበር የምትፈልገው። ፈገግ ልትል ፈለገች፣ ፊቷ አልታዘዘም። «እማዬ» አለች። ግድግዳው እማዬ አላት። ከዚያ ልታለቅስ ፈለገች፤ ዓይኗን ጨመቀች፣ ትከሻዋን አንቀጠቀጠች፣ ከየትም አንዲት ጠብታ አልመጣም። ፍርሃት የያዛት ያን ጊዜ ነው። እናቷን እንደምትፈልጋቸው አወቀች፤ ቀን በቀን እየለመነች የጣለችው ያ ሽታ፣ ያ ንዝንዝ፣ ያ ትርሲትዬ የሚል አፍ፣ አሁኑኑ ካላገኘችው በስተቀር በሩን የምትዘጋበት ምክንያት የላትም።

የግቢው ጥበቃ አይቷቸዋል። ከልዋጩ ሰውዬ ጋር ወጡ፣ ልጄ ጋ ልሄድ ነው ብለው መርቀውኝ ሄዱ አላት። ልጃቸው እኮ እኔ ነኝ ብትለው ጥበቃው መልሱን ፊቷ ላይ የሚፈልግ መሰለ፤ አጥቶት ነው መሰለኝ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ በአገጩ አሳያት።

ወንዙ ዳር፣ ልዋጮች ዕቃቸውን የሚለዩበት የቆርቆሮ ግቢ አለ። ገና ቀን ነው፤ በሸራ የተሸፈነው ውስጡ ግን ድንግዝግዝ ያለ፣ በሸራው ቀዳዳ በሚገባ ቀጫጭን ብርሃን ብቻ አቧራው የሚታይበት፣ ጨርቅ እስከ ጣራ የተከመረበት ነው። የሚራመድ ሰው የለም፤ ቢሆንም ከየክምሩ ሥር ትንፋሽ ነገር፣ የብዙ ሰው እንቅልፍ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እየዳሰሰች ገባች። ሳምንታት ሙሉ ምንም ያልሸተታት ትርሲት፣ አንድ ክምር ዞር ስትል ሽታው ፊቷን መታት፤ ናፍታሊን፣ ጭስ፣ አሮጌ ቆዳ። የእናቷ ቤት።

ሁሉም አለ። በርጩማው ቆሟል፣ ጣሳዎቹ ተደርድረዋል፣ ድምፁ ተዘግቶ የነበረው ሬዲዮ ዝግ ብሎ ያወራል። ወይዘሮ ደብሪቱ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ ሲስቁ ስንት ጊዜ እንዳልሰማቻቸው ትዝ አላት። ጭናቸው ላይ ጭንቅላቷን ያጋደመች ሴት አለች፤ ደብሪቱ ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ፀጉሯን በጣታቸው እየከፈሉ ይሠሯታል።

«እማዬ» አለች ትርሲት።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ትርሲት የገዛ ራሷን ፊት አየች። ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ፣ አፍንጫው የቀላ፣ የደከመ፣ ትኩስ፣ በወገብ ሕመም ጭፍግግ ያለ፣ የሕያው ሰው ፊት። ያቺ ሴት ወደ እናቷ ተጠግታ፣ ማናት እማዬ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። ድምፁም የራሷ ነው፤ ብቻ ውስጡ እርጥበት አለው።

ልዋጩ ሰውዬ ከክምሩ ጀርባ ጆንያ እያጠፈ ወጣ። አልተደነቀም። አሁን አንቱታው የለም፣ አንቺ አላት።

«እግርሽ አመጣሽ? እሷ ናት እኮ ምረጥልኝ ያለችኝ» አለ ተኝታ የነበረችውን በአገጩ እያሳየ። «የወጣው ያህል አንቺን አስገባሁላት። ቦታ የማትይዝ።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች። እጇን ዘረጋች፣ እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲንቀጠቀጥላት ምን ያህል እንደለመነች እሷ ታውቃለች። እማዬ ልጅሽ ነኝ፣ ቤት እንሂድ፣ ዕቃው ሁሉ ይመለስ፣ በሩ አይከፈት፣ ይሽተት፣ ብቻ ስሜን ጥሪኝ እያለች ለመነቻቸው።

ወይዘሮ ደብሪቱ የልጃቸውን ራስ ከጭናቸው በቀስታ አንስተው ተነሡ፣ ቀረቧት። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። በጣታቸው አንጓ ጉንጯን ቋ ቋ አደረጉት፣ ሴት ገበያ ላይ ባልዲ ስትመርጥ እንደምታደርገው፣ ጆሯቸውንም ዘንበል አድርገው የሚመለሰውን ድምፅ አዳመጡ። ትርሲትም አብራ አዳመጠች። ሰውዬው፣ ራሷ መጥታለችና ከወደዱ እዚሁ ትቅርልዎ፣ ልዋጭም አልጠይቅባትም አላቸው። አሮጊቷ ጥቂት አሰቡበት፤ ዘወር ብለው ልጃቸውን አዩ፣ የለበሱትን ነጠላ አስተካከሉ።

ከዚያም በዕድሜያቸው የተሰነጠቀ ጣሳ እንኳ ጥለው የማያውቁት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «ይቺን ግን ውሰዳት፤ አታስፈልገንም» አሉት።